የአያ ኑርዬ ድርሻ

ጥሩሰው የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ነው። በጓሯቸው ሦስት የንብ ቀፎዎች አሉ።

በጥቅምት እናቷ ማር ስትቆርጥ ጥሩሰው ጭስ ያዘችላት። አንዲት ንብ ቅንድቧ ላይ ነደፈቻት። ዓይኗ አብጦ ተደፈነ።

እናቷ ነጩን የማር እንጀራ ለይታ ሳህን ላይ አደረገች። «እንኪ፣ የአያ ኑርዬን ድርሻ አድርሽ» አለቻት። አያ ኑርዬ ከአጥሩ ማዶ ባቄላ የሚያርሱ ጎረቤታቸው ናቸው።

ጥሩሰው ቱግ አለች። «የምን ድርሻ? ቀፎ እንኳ የላቸው! የምነደፈው እኔ፣ የሚልሱት እሳቸው!»

«ንቦቹ የማንን አበባ ቀስመው ነው? ሂጂ ብያለሁ!»

ሄደች። ግን ከአጥሩ አላለፈችም። ቁልቋሉ ሥር ቁጭ ብላ «ሐቄ ነው!» እያለች ማሩን ጥርግ አድርጋ በላች። ልጆች፣ የተናደደ ሰው ሲሰርቅ የፈረደ ይመስለዋል። ተጠንቀቁ! ባዶውን ሳህን ይዛ ተመለሰችና፣ «አላህ ይስጣችሁ ብለዋል» አለች። የፈጣሪን ስም ጨምራ ዋሸች!

ሰንበትበት ብሎ የአያ ኑርዬ ባቄላ ጠቁሮ አየች። ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ወርሶታል።

«አያ ኑርዬ፣ መድኃኒት አይረጩም እንዴ?»

«ምኑን እረጫለሁ!» አሉ ተቆጥተው። «ንቦቻችሁ ቀን ቀን አበባው ላይ ናቸው። ለእነሱ ስል ሁልጊዜ የምረጨው ማታ፣ ቀፏቸው ሲገቡ ነበር። ዘንድሮ ድርሻዬ ሲቀር፣ መድኃኒቴ ንቦቹን ጎድቶ ማር አጣችሁ ብዬ መርጨቱን ተውኩት። እናትሽን መጠየቅም አፈርኩ።»

ጥሩሰው ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ዝም ካለች ግን ባቄላው ማለቁ ነው።

«ንቦቹ ደህና ናቸው» አለች እያለቀሰች። «ድርሻዎን የበላሁት እኔ ነኝ።»

«ያ ረቢ!» ብለው ጮኹ። «ለአንድ ሳህን ማር ማሳዬን አስበላሽኝ? ብትጠይቂኝ እምቢ እልሽ ነበር?»

እናቷ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ነገሩን ስትሰማ እሷም ጦፈች። «ከጎረቤቴ ልታቆራርጪኝ! ሂጂ፣ ለራስሽ ያስቀመጥኩልሽን ማር አምጪ!»

ጥሩሰው አምጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። «ይቅር ይበሉኝ» አለች።

አያ ኑርዬ ያን ማታ መድኃኒቱን ረጩ። ግማሹ ባቄላ ግን አልዳነም። ማሩን የተቀበሉ ጊዜ እዚያው ቆርሰው ለእናቷ ሰጡ፤ ራሳቸውም ቀመሱ። ጥሩሰው ቀና ብላ አየቻቸው።

«አንቺንማ ቅመሽ አልልሽም፤ ድርሻሽን በልተሻል!» አሉ። ንዴታቸው ሳይበርድ ሳቅ አመለጣቸው።

ልጆች፣ ተናደን የወሰድነውም የሰው ድርሻ ስርቆት ነውና፣ ያጠፋ ሰው ጥፋቱ ሌላውን ሳይጎዳ ፈጥኖ እውነቱን ይናገር።