ዱባለ ያልተሳለመው ወንጌል

የጥናታችን ርዕስ ሁለት መስመር ይፈጅ ነበር። ሥራው ግን አንድ ነው፤ ከየካ ተራራ ሥር ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የተቀመጡ ሠላሳ አንድ የብራና መጻሕፍት ሳይበሰብሱ ማዳን። ከላይ የነበረው ባሕር ዛፍ ለቤት መሥሪያ ስለተመነጠረ ጎርፉ በቀጥታ ወደ ዕቃ ቤቱ ይወርዳል። ዩኒቨርሲቲው ከታሪክ ክፍል እኔን፣ ከኬሚስትሪ ዱባለን ላከ።

የመጀመሪያው ቀን ተጣላን። ገልጬ ለማንበብ ስቸኩል እጄን ያዘኝ።

«የሺመቤት፣ እርጥቡን ከገለጥሽው ቀለሙ ይለቃል።»

«ስንት ቀን ልጠብቅ?»

«ሦስት ሳምንት።»

«አረጃለሁ እኮ!»

«አብሬሽ አረጃለሁ፤ ምን ችግር አለ?»

በየገጹ መሃል መምጠጫ ወረቀት ስናስገባ ሁለት ዓመት አለፈ። በ1977 ሰኔ ላይ፣ ሃያ ሁለት ሰፈር አንድ ቡና ቤት ውስጥ፣ እንጋባ አለኝ። እሺ ለማለት ማኪያቶው እስኪመጣ አልጠበቅሁም። ለእናቴ ቅዳሜ ልነግራት ወሰንኩ።

ሐሙስ ዕለት ከባድ ዝናብ ጣለና የዕቃ ቤቱ ግድግዳ ተሰነጠቀ። መጻሕፍቱ በዚያው ከሰዓት ወደ ዩኒቨርሲቲው መወሰድ ነበረባቸው። ጠባቂያቸው አባ ገብረእዝጊ የቤተሰባችን የንስሐ አባት ናቸው። ሥርዓታቸውን ሁሉም ያውቃል፤ መጽሐፍ ከግቢው የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ ወንጌሉን ይሳለማል።

እኔ ተሳለምኩ። የዱባለ ተራ ደረሰ። ወንጌሉን አየው፣ እኔን አየኝ፣ እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«አባ፣ አልሳለምም። ጴንጤ ነኝ።»

በዚያን ጊዜ ብዙ ጸሎት ቤቶቻቸው ታሽገዋል፤ በየሰው ቤት ተደብቀው ነው የሚጸልዩት፤ የተያዘ ይታሰራል። ጎትቼ ወደ ጥግ ወሰድኩት።

«አብደሃል? ሳመውና ይለቅ! ማን ያውቅብሃል?»

«ግድ የማይሰጠኝ መጽሐፍ ቢሆን እስመው ነበር። በወንጌል ፊት አላስመስልም።»

«በእኔ ፊትስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ስታስመስልብኝ?»

«እሑድ እሑድ የት እንደምውል አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

አልጠየቅሁትም። የራሴን አውርቼ ሳልጨርስ ሁልጊዜ ይመሻል።

አባ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ሳቁ።

«እስካሁን አራት መጽሐፍ ተሰርቆብኛል። አራቱም ሌቦች ተሳልመው ነው የወሰዱት! ይኼ አይሰርቀኝም። በል ተሸከም፣ አንተ ልጅ።»

ተንፈስ አልኩ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ፤ ሳቃቸው ጠፍቷል።

«መጽሐፉን አምኜ ሰጠሁት። አንቺን ግን አልሰጠውም። ዓይን የለኝም መሰለሽ? ነገ ጠዋት ለእናትሽ እነግራታለሁ።»

መጻሕፍቱን የዩኒቨርሲቲው ላንድሮቨር ላይ ጫንን።

«ቦሌ፣ እኛ ቤት ንዳ» አልኩት።

«አሁን? ጭቃ በጭቃ ሆነን?»

«ነገ ከአባ ከምትሰማ ዛሬ ከእኔ ትስማ።»

እናቴ በሩን ከፈተች። ግቡ እስክትል አልጠበቅኋትም።

«እማዬ፣ ዱባለ ይባላል። ላገባው ነው። ጴንጤ ነው።»

እናቴ ስትናደድ ጎረቤት ይሰማል። ያን ቀን ግን አልጮኸችም። እሱን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ ከዚያ እኔን፣ መንገድ ጠፍቶት በር እንዳንኳኳ ሰው።

«ከእሱ ጋር ከሄድሽ» አለች ቀስ ብላ፣ «በዚህ በር አትመለሺም።»

ዘጋችው።

በሃያ አምስት ዓመት ዕድሜዬ ያ በር ተዘግቶብኝ አያውቅም። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ዱባለ ወደ መኪናው ተመልሶ ከውስጥ ያየኛል፤ ነይም ቅሪም አላለኝም። ለማንኳኳት እጄን አነሳሁ። አወረድኩት። ሄጄ ጎኑ ተቀመጥኩ።

«ንዳ» አልኩት። «ብራናው ይሻግታል።»

በጥቅምት ማዘጋጃ ቤት ፈርመን ተጋባን። እናቴ አልመጣችም።