ለፋይሰን የታዘዘው እጥፍ መርፌ

ፍላሹ ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ ሳጅን ምክዋንዳ ጀርባውን ሰጥቶ መስኮት ይከፍት ነበር።

ሦስት ሰከንድ።

ፍላሹን የሰካችውን ነርስ በእስር ቤቱ ሁሉም ሲስተር ኢስናት ይላታል። እውነተኛ ስሟ ቲያሚኬ ነው። የላካት የጠፉትን ዘጠኝ የሻይ ለቃሚዎች ጉዳይ የሚያጣራው ኮሚሽን ነው። የተቀበሩበትን የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ አስከሬናቸውን የጫነው ሾፌር ፋይሰን። ያስገደላቸው ኮሎኔል «አብዷል» ብሎ አሳስሮታል። ጠያቂ አይገባለትም። ከውጭ የሚያናግረው ማክሰኞ ማክሰኞ ከዋና ከተማው በቪዲዮ የሚያክመው የአእምሮ ሐኪም ብቻ ነው። ዶክተር ቺሳሌ፤ የምስጢር ስሙ «ሽመላ»፣ የኮሚሽኑ ሰው። የእሷን ማንነት ግን አልነገሩትም።

ሁሉ ሰላም ከሆነ ሐኪሙ ስለ እንቅልፍ ይጠይቃል፤ ምልክቱ ይህ ነው። ፋይሰን ቦታውን ይናገራል። ፍላሹ ይቀዳል።

ፋይሰን ሰንሰለቱን እየጎተተ ገባ።

«ሲስተር፣ ዛሬም የንሲማው ገንፎ ድንጋይ ነው።»

«ቤት ገንባበታ» አለው ሳጅኑ፤ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

ስክሪኑ በራ።

«ፋይሰን፣ ምግብ ይስማማሃል?»

እንቅልፍ አላለም።

«ዶክተር፣ እንቅልፉንስ?» አለች።

«እሱን ተይው። ፋይሰን፣ ቦታውን ለማን ነግረሃል? ለነርሷስ?»

ሽመላ ተሸጧል።

የኔትወርኩን ገመድ ነቀለች። ፍላሹን ጫማዋ ውስጥ ከተተች።

«ሳጅን፣ ኔትወርኩ ሄደ!»

«መቼ ኖሮ ያውቃል?» አለ ከውጭ።

ወደ ፋይሰን ጎንበስ አለች። «አባቴ፣ ሐኪሙ የእነሱ ነው። እኔ የኮሚሽኑ ነኝ። የት ነው?»

ዓይኗን አየ። «ከአሮጌው የሻይ ማድረቂያ ጀርባ። ሦስት ባሕር ዛፎች አሉ። የመካከለኛው ሥር።»

ሳጅኑ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ተመለሰ።

«ዶክተሩ ነው። በሽተኛው ተረብሿል፣ መርፌውን እጥፍ ስጪው ይላል። እኔ እያየሁ።»

ባለፈው ወር እጥፍ የተወጋው እስረኛ ዛሬም ስሙን አያውቅም። እምቢ ብትል ከበሩ አትወጣም። ዘጠኙም ከአፈር አይወጡም።

መርፌውን ሞላች።

ፋይሰን እጅጌውን ራሱ ሰበሰበ። «ውጊኝ የኔ ልጅ። የሌላው እጅ ያመኛል።»

ወጋችው።

ጣቶቹ እስኪላሉ እጁን ይዛ ቆየች።

ዓርብ ዕለት ባሕር ዛፉ ሥር ተቆፈረ። ዘጠኙም ተገኙ። ኮሎኔሉና ሐኪሙ ታሰሩ።

ፋይሰን በሳምንቱ ተፈታ። እህቱ በር ላይ አቅፋ በስሙ ጠራችው። እሱ እንግዳ እንደሚያይ ሰው በትሕትና ፈገግ አለላት።

ቲያሚኬ ከመንገዱ ማዶ ቆማ አየች። ልትሻገር አንድ እግሯን አነሣች።

ሚኒባስ መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«ወዴት ነሽ እህቴ?» አላት ረዳቱ።

ማንም እሷን የማያውቅበትን ከተማ ስም ነግራው ገባች።