ጋሽ ሽኩር ያላስረከቡት

ተማሪዎቼ ስለ ቡዳና ስለ ሙት መንፈስ ሲያወሩ ጠመኔዬን አስቀምጬ ሳይንሱን የማስረዳ ሰው ነበርኩ፣ ጥላ ማለት ብርሃን የተከለለበት ቦታ ነው፣ የገደል ማሚቶ ማለት ተጋጭቶ የተመለሰ ድምፅ ነው እያልኩ። አሁንም ይህን የማጫውትህ እንድታምነኝ ብዬ አይደለም፣ እስከ ዛሬ ስለሚያናድደኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። መካኒሳ አቦ አካባቢ ሒሳብ አስተምር ነበር፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ታላቅ እህቴ እትዬ ሙሉ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ግቢ ለጥበቃዎችና ለጽዳት ሠራተኞች መሠረተ ትምህርት እሰጣለሁ። ሰኞ የሆነበት ምክንያት አለው፣ በዚያ ቀን የቢሮ ሠራተኛው በሙሉ ሥራውን ጥሎ ለውይይት ክበብ አዳራሽ ስለሚገባ ግቢው ጭር ይላል። የኮምፒዩተሩ ክፍል ያን ጊዜ ተቆልፎ፣ በሩ በቀይ ሰም ታሽጎ ማኅተም ይመታበታል። የእኔን ክፍል ከእሱ የሚለየው አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ነበር።

ኮምፒዩተሩን ከሁሉም ቀድመው የተማሩት ጋሽ ሽኩር የሚባሉ የላፍቶ ሰው ነበሩ። ሊጽፉ ሲቀመጡ ጠረጴዛውን በቀለበታቸው ኳ ኳ አድርገው «ቢስሚላሂ» ይላሉ፣ እህቴ እቤት እየመጣች እሳቸውን አስመስላ ታስቀን ነበር። አንድ ሰኞ ስለ ምርት ዕድገት ሲወራ አንቀላፉ፣ እንዲያውም አንኮራፉ፣ ተባረሩ። ሲሰናበቱ ንብረት አስረክቡ ተባሉ፣ ቁልፉን፣ ወንበሩን፣ ማስመሪያውን፣ ሲጋራ የማያጨሱትን ሰውዬ መተርኮሻውን ሳይቀር ተረከቧቸው። ወደ ኮምፒዩተሩ የሚያስገባቸውን የምስጢር ቃል ግን አስረክቡ ያላቸው የለም፣ ንብረት ክፍል ቁጥር ያልተለጠፈበትን ነገር ንብረት አይለውምና። ላስረዳህ፣ ኮምፒዩተር በረኛ እንዳለው ቤት ነው፣ ስምህንና ቃልህን ስትነግረው ይከፍትልሃል፣ ማን መቼ እንደገባም ይይዛል። ኋላ ስማቸው ይሰረዝ ሲባል፣ ስም መሰረዝ የሚያውቁት ጋሽ ሽኩር ራሳቸው ብቻ ሆነው ተገኙ። ሳቅ፣ እኔ ግን አልስቅም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ኮምፒዩተሩ ሰኞ ሰኞ፣ ሁሉም አዳራሽ ባለበት ሰዓት፣ ሽኩር ገባ፣ ሽኩር ወጣ እያለ መመዝገብ ጀመረ። የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ታረቀኝ እዚያው ክፍል የምትሠራውን እህቴን ጠራት።

«ቁልፉ ያለው በእኔና በአንቺ እጅ ነው። ያንን አሻጥረኛ የምታስገቢው አንቺ ነሽ።»

«ጓድ፣ እኔ እኮ አዳራሽ ውስጥ ከጎንዎ ነው የምቀመጠው!»

«ቁልፍ ለሰው ይሰጣል። እስከሚመጣው ሰኞ ሰውየውን ካላመጣሽ ለደኅንነት ነው የማስረክብሽ።»

እትዬ ሙሉ በዚያው ማታ ጋቢና ሹራብ በከረጢት ከትታ በሩ ሥር አስቀመጠች፣ ድንገት ቢወስዷት ብርድ እንዳይመታት። ያንን ከረጢት ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፣ የሚገርምህ ግን የተናደድኩት በጋሽ ሽኩር ነበር። እሑድ የላፍቶን ማሳ አቋርጬ እቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ብቅ ሲሉ ሰላምታም ሳልሰጥ ጮህኩባቸው፣

«ባለቤትዎ እየተደበቁ ቢሮ ይገባሉ፣ በእሳቸው ጦስ እህቴ ልትታሰር ነው!»

እትዬ ዘይነባ ክንዴን ጨበጡኝ። «አየኸው? በአላህ ልጄ፣ በዓይንህ አየኸው?»

ለካ ጋሽ ሽኩር በተባረሩ በሳምንቱ «ለአንድ ጥያቄ» ተብለው ተወስደው ነበር። ሚስትየው ስንቅ ይዘው ያልቆሙበት በር የለም፣ በመጨረሻ አንድ ዘብ ሳህኑን እንደሞላ መልሶ «ከእንግዲህ አያምጡ» አላቸው። ያን ጊዜ ስንቅ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ። እሳቸው ግን «ሬሳ አላሳዩኝም፣ አልቀበልም» አሉኝ። አፈርኩ። በማግስቱም ባላቸው በእርግጥ ከመጡ እንዲሰሟቸው ብዬ እንደ ተማሪ ደብተር አስይዤ ኮምፔንሳቶው ሥር አስቀመጥኳቸው።

ገና ፊደሉን ጽፌ ዞር ከማለቴ፣ እስከዚያ ቀን ምንም ሰምቼበት ከማላውቀው ግድግዳ ማዶ ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። ከዚያ ኳ ኳ። ከዚያ ዝቅ ያለ፣ የሰለቸው የሚመስል ድምፅ፣ «ቢስሚላሂ»። ቀጥሎ የኮምፒዩተሩ መጻፊያ ይንጣጣ ጀመር። እትዬ ዘይነባ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሮጬ ወጣሁ፣ ሰሙ አልተነካም፣ ጥበቃው አባባ ደበላ በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«መምህር፣ ዝንብ እንኳ አልገባም» አሉኝ፣ እርሳቸውም ድምፁን እየሰሙ።

ጓድ ታረቀኝን ከአዳራሽ አስጠራሁት፣ እህቴም ተከትላው መጣች። ጆሮውን በሩ ላይ አድርጎ ሳቀ፣ «እጅ ከፍንጅ!» አለ፣ ማኅተሙን ሰብሮ ቁልፉን አዞረ። ድምፁ ቀጥ አለ። ክፍሉ ባዶ ነው፣ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ነው። የኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ በአረንጓዴ ፊደል የጋሽ ሽኩር ስም ይበራል፣ እመነኝ፣ ከመጻፊያው አንዷ ፊደል ተጭና ቆይታ ቀስ ብላ ስትነሳ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

የጓድ ታረቀኝ ፊት አመድ መሰለ። «አይሆንም» አለ፣ «አይሆንም፣ እሱ እኮ…»

«እሱ እኮ ምን?» አሉ ከኋላችን እትዬ ዘይነባ።

ጓድ ታረቀኝ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ጨርሰው እንጂ! እሱ እኮ ምን ሆኗል? የምታውቀውን ንገረኝ!»

«አሽጉት!» ብሎ በአባባ ደበላ ላይ ጮኸ፣ ሰሙን ነጥቆ ራሱ ሲያሽግ ጣቱን አቃጠለ። እህቴን ከዚያ ቀን በኋላ አንዲት ጥያቄ የጠየቃት የለም፣ ከረጢቱን ፈታች። አየህ፣ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ሰውዬው መምጣት እንደማይችሉ እያወቀ ነው እህቴን አምጪያቸው ያላት፣ ያችን ዓረፍተ ነገርም እስከ ዛሬ አልጨረሳትም።

ኮምፒዩተሩን ሌላ ቦታ ወሰዱት፣ ክፍሉም የተሰበረ ወንበር ማጠራቀሚያ ሆነ። እትዬ ዘይነባ ግን ሰኞ ሰኞ መምጣት አላቆሙም። የኮርሱ የመጨረሻ ቀን ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሳለ ግድግዳውን በቀለበታቸው ኳ ኳ አደረጉ።

ከማዶው ኳ ኳ አለ።

ተማሪዎቼ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ፣ እንዳስረዳቸው።