ለጥልቁ ጉድጓድ የተገመደው

ገመድ ሠሪው ጎህ ሲቀድ ግመሉን ጫነ። ጭነቱ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ከታላቅ እህቱ ጋር የገመደው የቃጫ ገመድ። ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ የግመሏን ግራና ቀኝ ሞልቶታል። ሰውየው እየዞረ ይዳስሰዋል፣ ያጠብቀዋል፣ ደግሞ ተመልሶ ይዳስሰዋል።

እህቱ የውሃ ኮዳዎቹን አንጠልጥላ ብቅ አለች።

«ኧረ በቃህ! ሙሽራ ነው እንዴ የምትሸኘው?»

«እትዬ፣ ተይኝ እስቲ። እንዲህ ያለ ገመድ ከአባታችን እጅም አልወጣም። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቋጠሮ የለበትም!»

«ቢኖርበትስ? ውሃው ቋጠሮ ቆጥሮ ነው የሚወጣው?»

ለሌላ ሰው ይህ ቀልድ ነው፤ ለእሱ ስድብ ነበር። በእነሱ ቤት ገመድ የሚቀጠለው ጅማቱ ተፈትቶ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ተጎንጉኖ ነው። ቋጠሮ ያለበት ገመድ ገበያ ያወጣ ገመድ ሠሪ ጎረቤት ፊት ቀና ብሎ አይሄድም። እሱ ደግሞ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም፤ አንዴ ደንበኛ ገመዱን ቋጥሮ ቢያየው ከእጁ ነጥቆ ገንዘቡን መልሶለታል።

መንገዱ ወደ ልጁ ነው። አንድ ልጁ ከበረሃው፣ ከወንዙና ከተራራው ማዶ ነው ያገባችው። አሁን አራስ ናት። የመንደሯ ጉድጓድ ዘንድሮ ውሃው ወደ ታች ሸሸ፤ ድንጋይ ሲጥሉበት ጭልጥ ብሎ ሄዶ ቧ ሲል ይሰማል፣ ያላቸው ገመድ ግን አይደርስበትም። በመንገደኛ አፍ እንዲህ ብላ ላከች፦ «አባዬ፣ ውሃው አለ፤ ገመድ ነው ያጣነው። ጎረቤቱ እየለቀቀ ነው። እኔ ግን ልጄን ይዤ መንገድ አልችልም።» ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየው እህል በቅጡ አልበላም።

በረሃው ገና ከጅምሩ ክፉ ሆነ። ሰማዩ ከወደ ጎን ቀላ፣ ነፋሱ ጸጥ አለ፣ ከዚያ አሸዋው እንደ ግድግዳ ቆሞ መጣ። ግመሏ ደነበረች። የምትጎተትበት ገመድ፣ መሳቢያዋ፣ ብጥስ አለ! ገመድ ሠሪ ሆኖ ያረጀ መሳቢያ ይዞ መውጣት! እንግዲህ የባለሙያ ቤት እንዲህ ነው፤ የሚሸጠው ሁሉ አዲስ፣ የሚጠቀምበት ሁሉ ብጥስጣሽ።

«ያዢያት! እትዬ፣ ያዢያት!» ዓይኑን አሸዋ ሞልቶት በአራት እግሩ ይድሃል።

«ይዣታለሁ! ዝም በልና ወደ ድምፄ ና!»

ደርሶ የግመሏን ሆድ ተደግፎ ተኛ። እህቱ በጨለማው ውስጥ የሆነ ነገር ስትታገል ይሰማዋል። ነፋሱ ሲያልፍ ሦስቱም በአንድ ገመድ ተያይዘዋል፤ ግመሏም አንገቷ ላይ አዲስ መሳቢያ ገብቶላታል። ሰውየው መሳቢያውን አየ። ቀለሙን ያውቀዋል።

«ቆረጥሽው?»

«ቆረጥኩት።»

«እትዬ! ገመዱን ቆረጥሽው?»

«ግመሏ ብትሄድ ገመድህን በጀርባህ ልታዝለው ነበር? ለጎደለው ፈጣሪ ያውቃል፤ ተነስና አሸዋህን አራግፍ።»

እንዳኮረፈ ወንዙ ድረስ ሄደ። እሷም አላባበለችውም፤ ጠባዩን ታውቀዋለች።

ወንዙ ሞልቶ ያጉረመርማል። ከመሃል አንድ ታንኳ ቋጥኝ ላይ ተሰክቷል፤ ላዩ ላይ አንድ ሽማግሌ ተንጠልጥሏል። ከወዲህ ዳር ወደ ወዲያ ተዘርግቶ ታንኳውን ይመራ የነበረው ገመድ ተበጥሶ ነው ባለታንኳው እዚያ የቀረው። በዙሪያው ግንድ የሚመስሉ ነገሮች ይንሳፈፋሉ። ከግንዶቹ አንዱ አፉን ከፈተ።

«አዞ ነው!» አለች እህቱ።

ገመድ ሠሪው ኩርፊያውን ረሳው። የገመዱን ጫፍ ድንጋይ ላይ ጠምጥሞ ወረወረ፤ ሳተ። እየሮጠ ሽቅብ ወጥቶ ደግሞ ወረወረ፤ ውሃው ራሱ ወስዶ ለሽማግሌው አቀበለው። ባለታንኳው ገመዱን ታንኳው ላይ ሲያስር አዞው ተወርውሮ ቋጥኙን ነከሰው። ጥርሱ ድንጋይ ላይ ሲፋጭ እስከ ዳር ተሰማ።

«ሳቢ! ሳቢ፣ የኔ እመቤት!» እያለ ገመድ ሠሪው ገመዱን ያሰረባትን ግመል ይለምናል።

ግመሏ ሳበች፣ ታንኳው ተነቀለ፣ ሽማግሌው እየተንቀጠቀጠ ዳር ደረሰ። ሲተነፍስ የመጀመሪያ ቃሉ፣ «አዞው ቁርሱን አጥቶ ዛሬ ሚስቱን ይመታል» የሚል ነበር። አይ ሰው! ሞት አፍ ላይ ቆሞም ይቀልዳል።

ባለታንኳው የገመዱን ጫፍ ከወዲህ አስሮ፣ ጥቅሉን ይዞ ቀዝፎ ማዶ ካለ ዛፍ ላይ አሰረውና ተመለሰ፤ ገመዱን እየጎተቱ ተሻገሩ። ግመሏ ከኋላቸው ዋኘች፣ እህቱም የተጠጋውን አዞ ሁሉ በመቅዘፊያ አፍንጫ አፍንጫውን እያለች አደረሰቻት።

«ልመለስና ከወዲያ ፈትቼ ልላክልህ፣ ልጄ። ያንተ ነው» አለ ባለታንኳው።

ማዶ ግን ሰው ሲጠብቅ ነበር። አንድ ጎልማሳ እናቱን በጀርባው አዝሎ ቆሟል፤ ሐኪም ያለው ከወንዙ ወዲያ ነው። አሮጊቷ ከልጃቸው ትከሻ በላይ ገመዱን ያያሉ፤ ያለ እሱ ታንኳው አይሻገርም። እህቱም ዝም አለች፤ ይህች ሴት ዝም ስትል ደግሞ ጭንቅ ነው።

ገመድ ሠሪው የቀረውን በክንዱ ለካ። ለክፉ ቀን ብሎ አስረዝሞት ነበር። እዚህ ከተቆረጠ ለጉድጓዱ የሚበቃው ለጥቂት ነው፤ ብቻ ይበቃል። ቢላዋውን አወጣና ዓይኑን ጨፍኖ ቆረጠ።

«የዘራኸው ይብቀልልህ» አሉት አሮጊቷ።

«አሜን» አለ ቢላዋውን እየከተተ። ከእንግዲህ ግን አንዲት ክንድ እንኳ ለማንም እንደማይሰጥ በልቡ ማለ።

ተራራው ላይ መንገዱ ከገደሉ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል። ከመታጠፊያው እንደዞሩ የጨው ነጋዴዎች ከነግመሎቻቸው መንገዱን ዘግተው አገኟቸው። አለቃቸው ቢላዋ መዞ ወደ እነሱ መጣ።

«ገመዱን አምጣ!»

«ለምን ሲባል?»

«አምጣ ብያለሁ! ወንድሜ ገደል ገብቷል!»

ሰውየው ቁልቁል አየ። ታች፣ ገደሉ ወገብ ላይ፣ ጠባብ የድንጋይ እርከን ላይ አንድ ወጣት ተጣብቋል። የግመል መጫኛቸውን ቀጣጥለው ሊያወጡት ሞክረው ቋጠሮው ሾልኮ የባሰ ቦታ ጥሎታል።

«ቢላዋህን መልስ» አለ ገመድ ሠሪው። «ለዚህ ቢላዋ አያስፈልግም ነበር።»

አንዱን ጫፍ ቋጥኝ ላይ አሰረ፤ ሌላውን ጥቅል ወደ ታች ለቀቀ። ወጣቱ ደረቱን ታሰረ። ከሱ በታች የተረፈው ገመድ እርከኑ ላይ ተከምሯል። እዚህ ላይ ገመድ ሠሪው ገመድ ሠሪ ብቻ የሚሳሳተውን ስህተት ተሳሳተ። «ትርፉን ትከሻህ ላይ አድርገህ ውጣ! እንዳትጥለው!» ብሎ ጮኸ። ወጣቱም ምን ያድርግ፣ ያን ሁሉ ጥቅል አንግቶ ተንጠለጠለ።

ሳቡ። ከበዳቸው። ገመዱ ስለታም የገደል አፍ ላይ ይፋጫል፤ ጅማቱ አንድ በአንድ ጥስ፣ ጥስ ይላል። የወጣቱ ራስ ብቅ ሲል ገመድ ሠሪው በደረቱ ተኝቶ በአንድ እጁ የወጣቱን የእጅ አንጓ፣ በሌላው ጥቅሉን ያዘ። በዚህ ቅጽበት ወጣቱ የታሰረበት ገመድ ደረቱ ላይ ተበጥሶ ተፈታ። ሳቢዎቹ ወደ ኋላ ተዘረሩ፤ ሰውም ገመድም በአንድ ሰው ሁለት እጅ ላይ ቀሩ።

የግራ ክንዱ ሊነቀል ደረሰ። ልጁ ፊቱ ላይ ድቅን አለች፣ ያላያትም የልጅ ልጁ። ወጣቱ ቀና ብሎ አየው።

«ልቀቀው!» አለች እህቱ። «ወንድም ዓለም፣ ገመዱን ልቀቀው!»

ለቀቀው። የክረምት ሙሉ ድካም እየተተረተረ ጥልቁ ውስጥ ገባ። በሁለት እጁ ወጣቱን አንጠልጥሎ አወጣና ላዩ ላይ ወደቀበት።

ከገመዱ የተረፈው ቋጥኙ ላይ የቀረው ቁራጭ ብቻ ነው። ሰውየው ቁራጩን ታቅፎ አለቀሰ። «ልጄን በገዛ እጄ በጥም ገደልኳት።» አለቃው ወንድሙን አስተኝቶ ተጠጋ። እህቱን በሹክሹክታ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቃት፤ ነገረችው።

«እንመለስ፣ እትዬ። በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«በዓይንህ። ከቀረ አባት ባዶ እጁን የመጣ አባት ይሻላል። ደግሞ ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም። ፈጣሪ ያያል። በል ተነስ!»

ተነሳ። የሚገርመው፣ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ደረቱ ቀሎት ነበር። ገመዱን ከጀመረበት ቀን አንስቶ ይቆረጥብኝ ይሆን፣ ይሰረቅብኝ ይሆን ሲል የኖረ ሰው፣ አሁን የሚጠብቀው ነገር የለውም። ያን የወጣት ፊት ሲያስብ ደግሞ ሆዱ ይባባል። ጥፋቱን መልሰው ቢሰጡት መልሶ እንደሚያጠፋው አወቀ።

መንደሩ ደረሱ። ግማሹ ቤት ተዘግቷል። ልጁ ሕፃኗን ታቅፋ ከጉድጓዱ አጠገብ ቆማ ነበር።

«አባዬ! አክስቴ!»

«ልጄ፣ ባዶ እጄን ነው የመጣሁት።»

«አንተ መጣህ አይደል?» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

የመንደሩን ገመድ ከቁራጩ ጋር ጎነጎነና ባልዲውን ለቀቀ። ባልዲው አየር ላይ ቀረ። እህቱ ሻርፗን ጨመረች፤ አሁንም አየር ላይ ነው። የመንደሩ ሰው አንድ በአንድ ፊቱን አዞረ።

በዚህ መሃል ከተራራው ሥር የግመል ደወል ተሰማ። የጨው ነጋዴዎቹ ናቸው! ጨዋቸውን ተራራው ላይ፣ ያለ ከለላ ጥለውት፣ ባዶ ግመሎቻቸውን እየነዱ መጡ። ወጣቱ የተጎዳ እግሩ በጨርቅ ታስሮ አንዷ ላይ ተቀምጧል። አለቃው የታቀፈውን ሁሉ ገመድ ሠሪው እግር ሥር አፈሰሰው፤ መጫኛ፣ ጠፍር፣ የፀጉር ገመድ፣ መሳቢያ፣ ሌላው ቀርቶ የሱሪ መቀነት።

«ይበቃል?» አለ።

«ጨዋችሁስ? ዝናብ ቢመጣ ያልቃል እኮ!»

«ይለቅ። ይበቃል ወይ ነው የምልህ?»

ገመድ ሠሪው ክምሩን አየ። ቃጫ ከቆዳ፣ ቆዳ ከፀጉር አይጎነጎንም። መንገዱ አንድ ነው፤ መቋጠር።

«ድር ቢያብር የሚለውን ተረት ማንም እንዳይጀምርብኝ!» አለና ቁጭ ብሎ ቋጠረ። እያንዳንዱን ቋጠሮ ሁለት ሰው ከሁለት ወገን እንዲስበው አደረገ፤ የሾለከውን ፈትቶ ደግሞ ቋጠረ። ሲያልቅ ገመዱ አባ ጨጓሬ የመሰለ፣ ሕፃን የሚያስፈራ ጉድ ሆነ። እህቱ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ባልዲው ወረደ። ወረደ፣ ወረደ፣ ጨለማው ዋጠው። ቧ አለ። ሁሉም ወደ ጉድጓዱ አፍ ተጠጋ። ገመዱ በገመድ ሠሪው እጅ ውስጥ ቀስ እያለ ጠበቅ፣ ከበድ አለ።

«ከበደ!» ብሎ ጮኸ። «ኧረ ከበደኝ፣ አግዙኝ!»

ለማገዝ ያልተሯሯጠ የለም። የመጀመሪያውን ጣሳ ልጁ ጠጣች፤ ጠጥታም የሕፃኗን ግንባር አረጠበች። ሕፃኗ አስነጠሰች። መንደሩ በሙሉ ሳቀ።

ጠዋት መንደሩ ተሰብስቦ ጨዉን ለማምጣት ተራራ ወጣ። መጫኛው ጉድጓድ ውስጥ ነውና ጨው በትከሻ ሊወርድ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ ሽማግሌውም ሴቱም አንድ አንድ አሞሌ ተሸክሞ እያወካ ወረደ። ገመድ ሠሪው ሁለት ተሸክሞ ነበር።

ወጣቱ ግመሏ ላይ ሆኖ ጠራው።

«ጋሼ፣ ያንን የመሰለ ገመድ በኔ ምክንያት ገደል አስገባሁብህ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ገመድ ሠሪው ጨዉን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«እሱማ ገባ። አንተ ወጣህ አይደል?» አለና፣ ከፊት ያሉትን ለመድረስ እርምጃውን አፈጠነ።