የማይተነፍሰው ቤት

ግንበኛዋ ግንብ ላይ ስትሆን አጠገቧ ቆሞ ማውራት አይሞከርም ይባል ነበር። አናጺው ይህን አልሰማም። በመጀመሪያው የሥራ ቀኑ፣ እሷ ለመስኮት በተወችው ክፍት ላይ ውሃ ልኩን አስቀመጠ፤ ገልብጦ ደገመው፤ አሁንም ደገመው።

«ውሃ ልክህ ተበላሽቷል እንዴ?» አለችው።

«ስህተት አጥቼ ነው» አለ ቀና ብሎ። እሷም ያቦካችው ሲሚንቶ እስኪደርቅባት ድረስ አየችው። ከዚያ በኋላ በሁለቱ መካከል ወሬ ጠፍቶ አያውቅም።

በዓመቱ ሊጋቡ ተስማምተው ለራሳቸው ቤት ጀመሩ፤ ብርድም ሙቀትም የማይደፍረው፣ ነፋስ የሚሾልክበት ስንጥቅ የሌለው ቤት። ግንቡን እሷ ገነባች፣ በርና መስኮቱን እሱ ገጠመ። ውስጡን ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ቁም ሳጥን የሚሸፍነው ጥግ እንኳ ሳይቀር ለሰነችው። ንጹሕ አየር በትንሽ ሞተር እየተገፋ በአንድ ቱቦ ይገባል፣ የቆየው በሌላ ይወጣል።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። ሙያውን ያስተማሯት አንጋፋ ግንበኛ ናቸው፤ በዘመናቸው መተንፈሻ ቀዳዳ ሳይተዉ የጨረሱት ግድግዳ የለም።

«ቤት ካልተነፈሰ ሰው አይተነፍስም። ልጄን መርቄ መቃብር አላስገባም» አሉ።

እሷም እልኸኛ ናት፤ በማን ወጥታ! ያለ አባቷ ምርቃት ላታገባ ማለች፤ ግድግዳዋንም ላትበሳ ማለች። አናጺው በሁለት መሐላ መሃል ቆሞ መስኮቱን ይወለውላል። የቀራት ተስፋ ቤቱ ነፋስ አለማስገባቱ የሚፈተንበት ቀን ብቻ ነበር፤ ሥራዋን በዓይናቸው ቢያዩ ይረቱ ይሆናል።

ቀኑ ደረሰ። ቱቦዎቹ ለጊዜው ተደፈኑ፤ በሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ተገጥሞ የውስጡን አየር ወደ ውጭ ይስብ ጀመር። ቀዳዳ ካለ ነፋስ ይገባበታል፤ ግንበኛዋ በየግድግዳው የምታስጠጋው የሚጤስ እንጨትም ጭሱ ታጥፎ ያሳብቃል። አባቷ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተከተሏት። በሳሎኑ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ በመስኮቶቹም እንዲሁ። መኝታ ቤት፣ ከአልጋው ራስጌ ሲደርስ ግን ታጠፈ።

ጎንበስ ብላ ልስኑን በጣቷ ዳሰሰች።

«የኔ መስኮት ነው» አለ አናጺው ፈጥኖ። መስኮቱ ያለው በወዲያኛው ግድግዳ ነው።

«ልስኑ የኔ ነው፤ ጥፋቱም የኔ» አለችና አየችው። እንደዚያች ቅጽበት ወዳው አታውቅም።

አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አትጣሉ። የበሳሁት እኔ ነኝ። ትናንት ምሳ ስትበሉ ገብቼ ነው። ተኝተሽ ብትታፈኚስ ብዬ፣ አንጀቴ አልችል አለኝ።»

ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው ግን ከየት ይምጣ? ማራገቢያውን አስጠፋች፤ የተደፈነውን ቱቦ ከፈተችና እጃቸውን ይዛ ወደ አፉ አነሣችው። ንጹሕ አየር ሲሚንቶ በሰነጠቀው መዳፋቸው ላይ በቀስታ ፈሰሰ።

«አባዬ፣ ቤቱ ይተነፍሳል። እኛ ባልነው በኩል ነው እንጂ።»

እጃቸውን ሳያወርዱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ «ሲሚንቶ አምጪልኝ» አሉ።

የበሱትን በገዛ እጃቸው ደፈኑ። ሲደርቅ ማራገቢያው እንደገና ዞረ፤ ጭሱም በራስጌው በኩል እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ። አባቷ ደረታቸውን ነፍተው ወደ አናጺው ዞሩ።

«አየህልኝ? በዚህ ሁሉ ግንብ ላይ የተገኘው ስህተት አንድ ነው፤ እሱም የኔ ነው። ለሠርጉ የሚመጣ ሁሉ ይስማው። በል፣ ማራገቢያውን ንቀልና በሩን ዝጋ።»

ዘጋው። ሁለቱም ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ምርቃቱ ረዘመ፤ ከዚያ ቤት ግን አንዲት ቃል እንኳ ወደ ውጭ አልሾለከችም።