ጉሮሮ የምትዳስሰው ሴትዮ

በ1996 ዓ.ም. ነው፣ ያኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ጂንካ ወፍጮ ቤት እሠራ ነበር፣ ቤቴም ከወፍጮው ግድግዳ ጋር የተጠጋ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፣ ከድሮም አላምን። ሰው ዛፍ ሥር ጥላ አየሁ ሲል «የጠጣኸው ነው» ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ጌታንም የተቀበልኩ ስለሆንኩ የሙት ወሬ ቤቴ አይገባም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ አጻጻፌን እለፉኝ፣ ነገሩን ግን እንደሆነው ነው የምጽፈው፣ እመኑኝ።

ልጄ ምሕረት በሁለት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ነፍሷ ተረፈ፣ ዓይኗና ጆሮዋ ግን ሄዱ። እናቷ አስቴር ታዲያ ዘዴ አገኘች፣ የልጅቷን መዳፍ ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ በአገሯ ቋንቋ በአሪኛ እሹሩሩ ታዜምላታለች፣ ልጅቷም በመዳፏ እየሰማች ትወዛወዛለች። አስቴር አስም ነበረባት፣ ስለዚህ ዜማው መሀል ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ትንፋሿ ይቆረጥና፣ ቆም ብላ፣ ትቀጥላለች። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

በዚያው በ1996 አስቴር ሞተች። ምሕረት አሥር ዓመቷ ነበር፣ ሽማግሌዎቹ «ልጅ ሬሳ አይነካም» አሉና ቀብሩ እስኪያልፍ ጎረቤት ወሰዷት። ከዚያ በኋላስ? እስቲ ንገሩኝ፣ ለማታይና ለማትሰማ ልጅ «እናትሽ ሞተች» እንዴት ተብሎ ይነገራል? ለቀስተኛ ሴት በገባች ቁጥር ምሕረት ተነስታ ጉሮሮዋን ትዳስሳለች፣ እናቷ እንዳልሆነች ስታውቅ እጇን ሰብስባ ወደሚቀጥለዋ ትሄዳለች። ሴቶቹ አልቻሉም፣ መምጣት ተዉ። እሷ ግን በሩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ እህል እምቢ አለች፣ ከሳች፣ በዚሁ ከቀጠለች እሷንም ልቀብር ነው ብዬ ፈራሁ።

ከደሴ ተመድባ የመጣች ሰናይት የምትባል አስተማሪ ግቢያችን ተከራይታ ነበር፣ አንድ ቀን መስታወት የተገጠመለት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዛ መጣች። አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ የሌላዋን ጉሮሮ በእጇ ይዛለች።

«ምን በድላት ነው የምታንቃት?» አልኩ።

«ኧረ ጋሼ! እየሰማቻት እኮ ነው። ይቺ ሴትዮ እንደ ምሕረት አታይም፣ አትሰማም ነበር፣ ግን መጻሕፍት ጽፋለች፣ ለድሃውም ለሴቱም መብት በየአገሩ እየዞረች ተከራክራለች።»

«ፈረንጅ ሲዋሽ በፎቶ ነው።»

«እርስዎ ደግሞ ግትርነትዎ!» ብላ ሳቀች፣ ቀጥላ ግን ድምጿ ወረደ፤ «ምሕረትም እጇ ላይ በምልክት ይነገራታል ጋሼ፣ የሚያውቅበት ሰው እስኪገኝ ነው።»

«እስኪገኝ ትሞትብኛለች።»

ሰናይት ምስማር አምጥታ ፎቶውን ራሷ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው፣ የምሕረት እጅ በሚደርስበት።

ነገሩ የሆነ ዕለት የወፍጮውን ድንጋይ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሶ ሞተሩ ቆሟል። ይህን የምለው ሰው ሁሉ «የወፍጮው ንዝረት ነው» ስለሚለኝ ነው፣ ቆሟል ብያለሁ፣ ቺንጋ ሊያመጣ ቀይ አፈር ከተማ የሄደው ሰው ገና አልተመለሰም። ዝናብም ነፋስም አልነበረም። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤት ስገባ ምሕረት በሩ ላይ የለችም። ፎቶው ፊት ቆማለች፣ መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ትወዛወዛለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ተወዛውዛ አታውቅም።

ተጠጋሁ። ቤቱ ጭጭ ብሏል፣ ቆጥ ላይ ከሚሰፍሩት ዶሮዎች በቀር ጆሮዬ ምንም አልሰማም። መዳፌን ከመዳፏ አጠገብ ሳሳርፍ ግን መስታወቱ ይሞቃል፣ ይነዝራል፣ ልክ እንደሚያወራ ሰው ጉሮሮ። ዕድሜዬን ከሞተር ጋር የፈጀሁ ሰው ነኝ፣ ሞተር ሲነዝር አንድ ዓይነት ነው፣ ይሄ ግን ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ መሀል ላይ ተቆረጠ፣ ቆም አለ፣ ቀጠለ። ያ ቦታ ነው። ወንድሞቼ፣ እዚያው ቦታ ላይ ነው የተቆረጠው።

«አስቴር» አልኩ፣ ሳላስበው። ንዝረቱ ጠፋ።

ምሕረት እጇን ከመስታወቱ አንስታ ቁጢጥ አለች፣ መዳፏን መሬቱ ላይ ዘረጋች፣ እንደዚያ ሆና ቆየችና አለቀሰች። እስከዚያ ቀን እንባ አልወጣትም ነበር። እናቷን አፈር ማልበሳችንን ማንም አልነገራትም፣ በምን አፍ?

ሰናይት ልቅሶውን ሰምታ እየሮጠች ገባች። «ምን ሆነች?»

«አወቀች።»

«ማን ነገራት?»

ፎቶውን አወረድኩት። ከኋላው የጭቃ ግድግዳና ምስማር ብቻ፣ መስታወቱም ቀዝቅዟል፣ ሁለቱ ሴትዮዎች እንደነበሩ ናቸው። መልሼ ሰቀልኩት፣ ምን ላድርግ? በዚያ ምሽት ምሕረት በላች፣ ከዚያ ወዲህም የማንንም ሴት ጉሮሮ አልዳሰሰችም። ደስ ሊለኝ በተገባ፣ ግን እኔ አባቷ ልነግራት ያቃተኝን ማን ቀድሞኝ ነገራት? አስቴር ናት? ሴትዮዋ ናት? እስካሁን ያንን ግድግዳ ሳልፍ ከዓይኔ ይልቅ እጄን እሰበስባለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ምሕረትን እጇን ይዤ መቃብሩ ወሰድኳት። ተንበርክካ አፈሩን ዳሰሰች፣ መዳፏን ዘርግታ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ መወዛወዝ ጀመረች። እጄን ፈልጋ ያዘችና ስባ ከእጇ አጠገብ አፈሩ ላይ አስቀመጠችው፣ «ስማ» እንደማለት።

እኔ ግን ያ ንዝረት እንዳይመጣ ፈርቼ፣ ገና ምንም ሳልሰማ እጄን ነጥቄ ተነሳሁ።