ከአፐር አርሊንግተን የመጣው ኮምፒውተር

ይህን አንብባችሁ «ተወን እባክህ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ ስሰማው እንደዚያው ነው ያልኩት።

ግን የነገረኝ ሰው ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ አራት ዓመት አብሮኝ የሠራ ነው። ቀልድ እንኳ በቅጡ የማያውቅ፣ ድርቅ ያለ ሰው ነው።

ለዚህ ቻናል ልጽፈው ስለሆነ ስምህን ልቀይርልህ ስለው ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ «የትኛውን?» አለኝ።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ያለፈው ፌብሩዋሪ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ቦታው እዚሁ ኮሎምበስ፣ ፎረስት ፓርክ፣ የአንድ ተራ ቤት ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ያለው ክፍል ውስጥ ነው።

ጨለማ አልነበረም። ውጭ በረዶው ላይ ፀሐይ ወጥቶ ነበር።

ሰውዬውን ወርቅነህ እንበለው። እዚህ ሁሉም በሚያውቀው ስሙ ፈንታ የተካሁት ነው። ደሴ እያለ ኮምፒውተር ይጠግን ነበር። አሁን በሳምንት አምስት ቀን ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቶ እያስነሣ ለሰብሳቢዎች ይሸጣል። እኛ አውጥተን የምንጥለውን ፈረንጅ እንደ ቅርስ ያቅፈዋል። ወርቅነህ ይህን ባሰበ ቁጥር ይስቃል።

ሚስቱ ስመኝ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሆም ኬር ትሠራለች፣ በሽተኛና ሽማግሌ ቤታቸው ሄዳ ትንከባከባለች፤ ቅዳሜ ከሥራ ቤት የምትገባው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ማክሰኞ ደግሞ የወርቅነህ የሲቲዝንሽፕ ኢንተርቪው ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ጓደኛው ያደታ በር ላይ መጥቶ ክላክስ አደረገ። ያደታ ዕቃ አድራሽ ሾፌር ስለሆነ የማይገባበት ሰፈር የለም። አፐር አርሊንግተን አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት የቤት ዕቃ እየሸጠች ነው፣ ኮምፒውተር አለ፣ ተነሥ እንሂድ አለው። ሄደው አመጡት።

አሮጊቷ ስታስረክበው አንድ ነገር ብላ ነበር። ይህን ኮምፒውተር እኔ ቤቴ ውስጥ አይቼው አላውቅም፣ ባሌ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ አለች።

ወርቅነህ አርጅታለች ብሎ አለፈው።

ቤዝመንት አውርዶ ሰካው። ከጊዜ ብዛት ቢጫ የሆነ ሣጥን፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ። ተነሣ... ፓስወርድ ጠየቀ። ይህ ለእሱ አዲስ አይደለም። ከሚገዛቸው ኮምፒውተሮች ግማሾቹ ፓስወርዳቸውን ባለቤቱ የረሳው፣ ወይ ይዞት የሞተ ናቸው።

እንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር ፓስወርድ ከሚጻፍበት አጠገብ የጥያቄ ምልክት አለው። ሲጫኑት ባለቤቱ እንዳይረሳ ለራሱ የጻፋትን ማስታወሻ ያሳያል። የውሻዬ ስም፣ የሠርጌ ቀን፣ ምናምን።

ተጫነው።

አማርኛ ነበር።

በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ድሮ ቴክስት ስንላላክ እንጽፈው እንደነበረው ዓይነት አማርኛ።

«እውነተኛ ስምህ» ይላል።

ወርቅነህ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ደግሞ አነበበው። ሽማግሌው አበሻ ተንከባካቢ ነበረው ይሆናል ብሎ አሰበ። ከተማው በእኛ ሰው ተሞልቶ የለ? ግን ለፈረንጅ ሽማግሌ በአማርኛ ማስታወሻ የሚጽፍ ምን ዓይነት ተንከባካቢ ነው?

ለቀልድ ያህል «ወርቅነህ» ብሎ ጻፈ።

አልከፈተም።

ማስታወሻው ግን ተቀየረ...

«እሱ የወንድምህ ነው።»

እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ። ምክንያቱም ይህን ነገር አሜሪካ ውስጥ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ስመኝም አታውቅም።

ዲቪ የደረሰው ለታላቅ ወንድሙ ነበር። ቪዛው ተመትቶ፣ ትኬቱ ተቆርጦ፣ ለጉዞው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ወንድሙ በጉበት በሽታ ሞተ። የሁለቱ መልክ ቁርጥ አንድ ነበር። በሦስተኛው ቀን እናታቸው ፓስፖርቱን አምጥታ የታናሹ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ዕድሉ ከልጄ ጋር አይቀበርም አለች።

ታናሹ በሟች ስም ተሳፈረ። የገዛ ስሙ ይመር ነው። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ በዚያ ስም የጠራው የለም።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ስመኝን ያገባት በወንድሙ ስም ነው። የሚወለደው ልጅም አባትህ ማነው ሲባል የሚጠራው የወንድሙን ስም ነው። ይህ ሐሳብ ሰሞኑን እህል አላስበላ ብሎት ነበር። ልጁ የእሱ ነው፣ በስም ግን የሟች ልጅ ሊሆን ነው። ማክሰኞ ደግሞ ቀኝ እጁን አንሥቶ ወርቅነህ እኔ ነኝ ብሎ ሊምል ነው። ከተነቃበት ይባረራል፤ ሚስቱና ልጁ እዚህ ይቀራሉ።

ስለዚህ በመጀመሪያ የጠረጠረው መንፈስ አይደለም። ሰው ነው። የሆነ ሰው ምስጢሩን አውቆ፣ ከኢንተርቪው በፊት ሊይዘው ይህን ማሽን ሆን ብሎ አስገዝቶታል።

ያ ሰው ማን ሊሆን ይችላል? ማን ነው አፐር አርሊንግተን ድረስ የወሰደው?

ስልኩን አነሣ። ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር ለምን እንዳንሾካሾከ እሱም አያውቅም።

«ያዲ... ስለ ኮምፒውተሩ ማን ነገረህ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ማን ነገረህ?»

«አንተ ነሃ።»

«እኔ?»

«ረቡዕ ኮል አድርገህ አድራሻውን ሰጠኸኝ እኮ። ቅዳሜ ውሰደኝ አልከኝ።»

ወርቅነህ ረቡዕ ለማንም አልደወለም።

«ድምፁ... የኔ ነበር?»

«ያው ያንተ ነው። ሻከር ብሎ ነበር፣ ጉንፋን መስሎኝ። ወሎኛህም በዝቶ ነበር።»

ስልኩን ዘጋና የደወለባቸውን ቁጥሮች ዝርዝር አየ። እውነት ነው። ረቡዕ፣ ለያደታ፣ አራት ደቂቃ ተወርቷል። ሰዓቱ ግን እሱ ፎርክሊፍት ላይ፣ ስልኩ ሎከር ውስጥ የነበረበት ነው። ሎከሩን የሚከፍተው እሱ ብቻ ነው።

ያደታ ይዋሻል ማለት አልቻለም። አይዋሽም ማለት ደግሞ የባሰ ነው።

ወደ ሙያው ዞረ። እጁ ሥራ ሲይዝ ልቡ ይረጋል። የተረሳ ፓስወርድ የሚያጠፋ ሲዲ አለው፤ እስከዛሬ አሳፍሮት አያውቅም። ከተተውና ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሣ።

ሲዲው ትንሽ ተሽከረከረና መልስ ሰጠ። ፓስወርዱን የማጠፋበት ሃርድ ዲስክ አላገኘሁም አለ።

ይህ ሊሆን አይችልም። ኮምፒውተር ያለ ሃርድ ዲስክ ዊንዶውስ ከየት ያመጣል? ኬብሉ ላልቶ ይሆናል ብሎ ብሎኖቹን ፈታ፣ የሣጥኑን ጎን አወጣ።

የሃርድ ዲስኩ ቦታ ባዶ ነው።

ኬብል እንኳ የለውም። ብሎኖቹ የሚገቡበት ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኗል... ዓመታት ሆኖታል ማለት ነው።

ቀና ሲል ሲዲው በራሱ ወጥቷል። ስክሪኑ ላይ ያው ፓስወርድ መጠየቂያ መጥቷል። ማስታወሻው ማንም ሳይነካው ተገልጿል።

«መልስልኝ።»

ወርቅነህ ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረ። ፈርቼ ብቻ አይደለም ነው ያለኝ። አፍሬም ነው። የወንድሙን ትኬት፣ የወንድሙን ስም፣ የወንድሙን ዕድሜ ይዞ ሲኖር አንድ ቀን እንኳ ይቅር በለኝ ብሎት አያውቅም። ነቅሎ ሊጥለው ይችል ነበር። መዶሻው አጠገቡ ነበር። ግን በዚያች ሰዓት ከሁሉም በላይ የፈለገው አንድ ነገር ነው። ለአንድ ደቂቃ እንኳ ራሱን መሆን።

ጣቱን አንድ ፊደል ላይ አደረገ። ከዚያ ሌላው ላይ።

ይ... መ... ር...

ተከፈተ።

ውስጡ ምንም የለም። ፎቶ የለም፣ ፋይል የለም፣ ሰማያዊ ባዶ ስክሪን ብቻ። ይመር፣ ከዚህ በኋላ በስሙ እንጥራው፣ እፎይ ብሎ ተነፈሰ። ይኼው ነው? አለ ለራሱ። ጀርባው ቀለለው። ዘግቶ ሊወጣ ቁልፉን ተጫነ።

የተጠቃሚዎቹ ስም የሚዘረዘርበት የመጀመሪያው ገጽ ተመልሶ መጣ። አሁን ሁለት ስም ነው ያለው።

አንደኛው «ይመር» ይላል።

ሁለተኛው «ወርቅነህ»። ከእሱ ሥር በትንንሽ ፊደል አንድ ነገር ተጽፏል። እነዚህ ኮምፒውተሮች ከፍቶ የገባ ሰው ሲኖር ከስሙ ሥር የሚያሳዩት ጽሑፍ ነው።

ገብቷል።

በዚህ መሃል ከላይ የውጭው በር ሲከፈት ሰማ። አሥር ሰዓት ሆኗል፣ ስመኝ ናት። ቦርሳዋን ስታስቀምጥ፣ ጫማዋን እያቃሰተች ስታወልቅ ይሰማዋል።

«ወርቅነህ» ብላ ጠራች፣ እንደ ሁልጊዜው።

ይመር ሊመልስላት አፉን ከፈተ።

«አቤት» አለ አንድ ሰው።

ከላይ፣ ከኪችን።

ይመር ወንበሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ትጮኻለች ብሎ ጠበቀ። አልጮኸችም። እግሯን እየጎተተች ወደ ኪችን ገባች።

«እስቲ እጅህን አምጣ» አለች። «እዚህ ጋ... ልጅህ ዛሬ ሲራገጥ ነው የዋለው።»

ከዚያ ወንድሙ ሲስቅ ሰማው።